ትንሹ ሌንስና ሰፊው የሙቀት ብርሃን

ሙቀት የሚያይ ካሜራ የያዘ ሰው ሁለት ቀላል ሙከራዎችን ማድረግ ይችላል። መጀመሪያ እጁን ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከትቶ ካሜራውን ያነጣጥርበት። ዓይን ፌስታሉን ብቻ ያያል፤ ካሜራው ግን አምስቱንም ጣቶች ያሳያል። ቀጥሎ ያንኑ እጅ ከንጹህ የመስኮት መስታወት ኋላ ያድርገው። ዓይን እጁን እንዳለ ያየዋል፤ በካሜራው ስክሪን ላይ ግን እጁ የለም። መስታወቱ እንደ ግድግዳ ተገትሮ የባለካሜራውን የራሱን ፊት ሙቀት መልሶ ያንጸባርቃል።

የኢንፍራሬድ ሌንስ ሠሪዎች ፈተና የሚጀምረው ከዚሁ መስታወት ነው። ለመነጽርና ለፎቶ ካሜራ የሚያገለግለው ተራ ብርጭቆ ከ3 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ የሚረዝመውን ሞገድ አያሳልፍም። ስለዚህ ለሙቀት ብርሃን የሚሠራ ሌንስ ሌላ ቁስ፣ ሌላ ስሌትና ሌላ አሠራር ይፈልጋል። በዚህ ላይ ደግሞ ድሮን፣ ትንንሽ ሳተላይትና የእጅ መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች ጥያቄውን አክብደውታል፦ አንድ ሌንስ ይሁን፣ ቀላልና አጭር ይሁን፣ በዚያው ላይ የተለያዩ የኢንፍራሬድ ክልሎችን አንድ ላይ ያሳይ። ሌንሱ ምን ያህል ሊያንስ ይችላል? ምኑስ ነው የሚያንሰው?

አንድ ባንድ ለምን አይበቃም?

እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ የተቀመጠው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሞቀ። ያ ጨለማ መሳይ ክልል ዛሬ በከባቢ አየር ተከፋፍሎ ነው ጥቅም ላይ የሚውለው። የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙውን ሞገድ ውጠው ጥቂት መስኮቶችን ብቻ ክፍት ይተዋሉ፦ ከ1 እስከ 2.5 ማይክሮሜትር ያለው አጭሩ፣ ከ3 እስከ 5 ያለው መካከለኛውና ከ8 እስከ 14 የሚደርሰው ረጅሙ ናቸው።

እነዚህ መስኮቶች የሚያሳዩት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ለዚህ በአፋር የሚገኘው ኤርታሌ ጥሩ ምስክር ነው። በእሳተ ገሞራው ዙሪያ ያለ 300 ኬልቪን ገደማ የሚሞቅ መሬት ብርሃኑን አብዝቶ የሚለቀው በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ ላቫ ግን በ2 ማይክሮሜትር አካባቢ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስሌቱ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ12 ማይክሮሜትር 1,400 ኬልቪን የሆነው ላቫ ከመሬቱ የሚበልጠው 40 ጊዜ ገደማ ነው፤ በ4 ማይክሮሜትር ግን ከ13,000 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል።

ይህ ልዩነት በተግባር ትልቅ ነገር ነው። ቴራና አኳ የተባሉት ሳተላይቶች የተሸከሙት ሞዲስ የተሰኘ መሣሪያ በሙቀት ባንዶቹ፣ ማለትም ለሙቀት በተመረጡለት የሞገድ ክልሎች፣ የሚያነበው የመሬት ነጥብ 1 ኪሎሜትር በ1 ኪሎሜትር ነው። ከዚያ ነጥብ ውስጥ አንድ ሺህኛው ብቻ ገና ልጣጭ ያልሠራ ላቫ ቢሆን በ12 ማይክሮሜትር ብርሃኑ የሚጨምረው 4 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህን የደመና ጥላ ሊሰውረው ይችላል። በ4 ማይክሮሜትር ግን ብርሃኑ ከአሥር ጊዜ በላይ ያድጋል። ሁለቱን ባንዶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የላቫውን መኖር ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ቦታ እንደያዘም መገመት ይችላል። የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዎች የኤርታሌን የላቫ ሐይቅ ለዓመታት ከሰማይ የተከታተሉት በዚህ ዓይነት የሁለት ባንድ ንጽጽር ነው።

ሌሎችም ሥራዎች አሉ። ሚቴን በ3.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል፤ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎች ውስጥ የሚሞላው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ደግሞ በ10.6 አካባቢ። ሁለቱንም ፍሳሽ በአንድ ካሜራ ማየት የሚፈልግ ቴክኒሺያን ሁለት መስኮት ያስፈልገዋል።

ሴንሰሮቹ ለዚህ ከሌንሶቹ ቀድመው ተዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝ የንጉሣዊው ራዳር ተቋም የተገኘው ሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድ ቅይጡ ሲቀያየር የሚቀበለውን የሞገድ ክልል ይለውጣል። ስለዚህ ሁለት ንብርብር ማድረግ ይቻላል፤ የላይኛው ከ3 እስከ 5 ያለውን ይውጣል፣ የቀረውን ለታችኛው ያሳልፋል። አንድ ፒክስል በሁለት ቀለም ሲያይ ፊት ለፊቱ ያለው ሌንስም ሁለቱን ቀለማት እዚያው ነጥብ ላይ ማሳረፍ አለበት።

የሚያንሰው ውፍረቱ ነው

ብርሃን ሞገድ በመሆኑ የትኛውም ሌንስ የአንዲትን ኮከብ ብርሃን ፍጹም ነጥብ አድርጎ አያሳርፈውም። ትንሽ ክብ ይሠራል። የክቡ ስፋት 2.44፣ የሞገዱ ርዝመትና የሌንሱ ኤፍ ቁጥር ተባዝተው የሚሰጡት ነው፤ ኤፍ ቁጥር ደግሞ የትኩረት ርቀቱ ለሌንሱ አፍ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ኤፍ 1 በሆነ ሌንስ በ10 ማይክሮሜትር የክቡ ስፋት 24.4 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ በ4 ማይክሮሜትር ግን ከ10 በታች ይወርዳል። የዛሬ ሴንሰሮች ፒክስል 12 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በዚያው ሌንስና በዚያው ሴንሰር፣ በአንዱ ባንድ ብርሃኑ ከአንድ ፒክስል አይወጣም፣ በሌላው ወደ ጎረቤቶቹ ይፈሳል።

ክቡን ለማጥበብ ያለው መንገድ አፉን ማስፋት ነው። ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ ሌንስ የለም፤ የቱንም ያህል ብልህ ንድፍ ቢሠራ የአፉን ስፋት የሚወስኑት የሞገዱ ርዝመትና ሊታይ የተፈለገው ዝርዝር ናቸው። ዲዛይነሩ ሊቀንስ የሚችለው ውፍረቱን፣ የሌንሶቹን ቁጥርና ክብደቱን ብቻ ነው። በየዓውደ ርዕዩ «ትንሽ» እየተባለ የሚቀርበውን ሌንስ ሁሉ በዚህ ሚዛን ማየት ያስፈልጋል።

ክብደቱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ያለ ማቀዝቀዣ የሚሠሩ ሴንሰሮች ብርሃን በብዛት ስለሚፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 1 ወይም ለዚያ የቀረበ ሌንስ ይደረግላቸዋል፤ ኤፍ 2 ቢሆን የሚደርሳቸው ብርሃን ሩብ ብቻ ይሆናል። የትኩረት ርቀቱ 100 ሚሊሜትር ከሆነ አፉም 100 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። በዚህ ስፋት፣ በአማካይ 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው አንድ የጀርማኒየም ሌንስ ብቻውን ከ400 ግራም በላይ ይመዝናል። ድሮን ላይ እያንዳንዱ ግራም ከበረራ ደቂቃ ይቀነሳል።

የሚቀዘቅዙት ሴንሰሮች ሌላ ግዴታ አላቸው። 77 ኬልቪን አካባቢ የሚሠራ ሴንሰር የካሜራውን የራሱን ግድግዳ ሙቀት እንዳያይ በቀዝቃዛ ጋሻ ይከበባል፤ ብርሃን የሚገባበትን አፍ የሚወስነውም ያ የጋሻው ቀዳዳ ይሆናል። አፉ ከሌንሱ በስተኋላ ሲቀር የፊተኛው ሌንስ መስፋት አለበት፤ ወይም ምስሉ መሃል ላይ አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንደገና ወደ ሴንሰሩ መተላለፍ አለበት። ያ ደግሞ ቱቦውን ያስረዝመዋል።

የጀርማኒየም ጸጋና ጣጣ

ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1871 ገና ያልተገኘ ንጥረ ነገር እንዳለ ተነበየ፤ በ1886 ክሌመንስ ዊንክለር በጀርመን ፍራይበርግ አገኘውና ጀርማኒየም አለው። ለኢንፍራሬድ ሌንስ ይህን የሚያህል ባለውለታ የለም። ከ2 እስከ 14 ማይክሮሜትር ገደማ ያሳልፋል። የስብረት መጠኑ 4 ነው፤ የተራ ብርጭቆ 1.5 ገደማ ነው። ብርሃንን አጥብቆ ስለሚያጎብጥ በስሱ በተጎነበሰ ገጽ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ያው ጥንካሬው ጉዳትም አለው። የስብረት መጠኑ ከፍ ያለ ቁስ ብርሃን በብዛት ይመልሳል። ሽፋን ያልተቀባ ጀርማኒየም በእያንዳንዱ ገጽ 36 በመቶውን ያንጸባርቃል፤ በሁለቱ ገጾች አልፎ የሚወጣው 47 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሦስት እንዲህ ያሉ ሌንሶች ቢደረደሩ አሥር በመቶ አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን የግድ ነው። ሽፋኑን ለአንድ ባንድ ማዘጋጀት የተለመደ ነው፤ ከ3 እስከ 12 ለሚዘረጋ ሌንስ ግን ብዙ ንብርብር በጥንቃቄ መቀባት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጣጣ ሙቀት ነው። ማለዳ በ5 ዲግሪ በደጋ ላይ የተስተካከለ፣ የትኩረት ርቀቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ የጀርማኒየም ሌንስ ቀትር ላይ 45 ዲግሪ በሆነው የአፋር ሜዳ ቢወጣ ምን ይሆናል? የጀርማኒየም የስብረት መጠን በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 0.0004 ይጨምራል። በ40 ዲግሪ ልዩነት የትኩረት ርቀቱ ሩብ ሚሊሜትር ያጥራል፤ አልሙኒየም ማቀፊያው ደግሞ በተቃራኒው ይረዝማል። በኤፍ 1 ሌንስ ምስሉ ሳይደበዝዝ የሚታገሠው መዛነፍ ወደየትኛውም አቅጣጫ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ሩብ ሚሊሜትር ከዚያ አሥራ ሁለት ጊዜ ይበልጣል። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ደግሞ ጀርማኒየሙ ብርሃን መዋጥ ይጀምራል።

ሦስተኛው የገበያ ጉዳይ ነው። የዓለምን የተጣራ ጀርማኒየም በብዛት የምታቀርበው ቻይና ከኦገስት 2023 ጀምሮ ወደ ውጭ መላኩን በፈቃድ አደረገችው፤ በዲሴምበር 2024 ለአሜሪካ እንዳይሸጥ አገደች፤ በ2025 መጨረሻ እገዳውን ለጊዜው አነሳች። የሌንስ ፋብሪካዎች አማራጭ ፍለጋውን ያፋጠኑት ዲዛይን ብቻ አስገድዷቸው አልነበረም።

ሚና የሚለዋወጡ ቁሶች

አማራጮቹ ሲሊኮን፣ ዚንክ ሰልፋይድ፣ ዚንክ ሴሌናይድና ቻልኮጄናይድ የሚባሉት ብርጭቆዎች ናቸው። ሲሊኮን ክብደቱ ከጀርማኒየም ግማሽ አይሞላም፤ ግን በረጅሙ መስኮት ላይ ውፍረቱ ሲጨምር ብርሃን ይውጣል። ዚንክ ሴሌናይድ ከሚታየው ብርሃን አንስቶ ረጅሙን መስኮት ያካትታል፤ ለስላሳና በቀላሉ የሚጫር ነው። ቻልኮጄናይዶች አርሴኒክና ሴሌኒየምን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች የሚቀላቀሉባቸው ሲሆኑ የሙቀት ለውጥን ከጀርማኒየም በብዙ እጥፍ ይታገሣሉ። ትልቁ ጥቅማቸው ግን ሞቀው በቅርጽ መጫን መቻላቸው ነው። ጀርማኒየም በአልማዝ ጫፍ አንድ በአንድ ይፋቃል፤ ቻልኮጄናይድ በአንድ ጭነት ውስብስብ ገጽ ይዞ ይወጣል።

የብዙ ባንድ ዲዛይን ዋና እንቆቅልሽ የሚገኘው እነዚህን ማጣመር ላይ ነው። አንድ ሌንስ ቀለማትን ይበትናል፤ አጭሩን ሞገድ ከረጅሙ ፊት ያሳርፋል። መድኃኒቱ እምብዛም የማይበትን አሰባሳቢ ሌንስን ብዙ ከሚበትን ገፊ ሌንስ ጋር ማጣመር ነው። በረጅሙ መስኮት ጀርማኒየም ብርሃን የሚበትነው እጅግ በጥቂቱ ነውና አሰባሳቢ ሆኖ ዚንክ ሴሌናይድ ያርመዋል። በመካከለኛው መስኮት ግን ጀርማኒየም ራሱ ብዙ በታኝ ይሆናል፤ ሲሊኮን አሰባሳቢ ሆኖ ጀርማኒየም እርማቱን ይሠራል። በአንዱ ባንድ ሐኪም የነበረው በሌላው ታማሚ ይሆናል። ለአንዱ መስኮት የተዋጣለት ጥምረት በሌላው የሚከሽፈው ለዚህ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ቁስ የሚጠራውም ይኸው ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ በዚህ ረገድ ያደረገው ጥረት ተጠቃሽ ነው። አጭሩንም ረጅሙንም መስኮት የሚያሳልፉ፣ በስብረትና በመበተን እርስ በርስ የሚለያዩ የቻልኮጄናይድ ብርጭቆዎችን አዘጋጅቷል። ብርጭቆዎቹን በስስ ንብርብር አጣብቆ በማሞቅም በውስጡ የስብረት መጠኑ ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ ሌንስ ተሠርቷል። የሁለት ሌንስን ሥራ አንዱ ሲሠራው የመሣሪያው ቁመት ያጥራል።

መስተዋት ቀለም አይመርጥም

የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከ0.6 እስከ 28 ማይክሮሜትር ያለውን ብርሃን በአንድ ዓይን ያያል። ይህን የቻለው ሌንስ ሳይሆን በወርቅ የተለበጡ 18 የቤሪሊየም መስተዋቶች ስላሉት ነው። መስተዋት ለሁሉም ሞገድ የሚመልስበት ማዕዘን አንድ ነውና የቀለም እርማት አያስፈልገውም። በዚያው ላይ መስተዋቱም ማቀፊያውም ከአልሙኒየም ከተሠሩ ሁለቱ እኩል ስለሚለጠጡ ትኩረቱ በሙቀት አይዛነፍም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ኤሪክ ትሬምብሌይ፣ ጆሴፍ ፎርድና ባልደረቦቻቸው 38 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለውን ካሜራ በ5 ሚሊሜትር ውፍረት ውስጥ አስገቡት። ብርሃኑ ክብ በክብ በተቀረጹ መስተዋቶች መካከል ስምንት ጊዜ እየተመላለሰ ይታጠፋል። የሠሩት ለሚታየው ብርሃን ነበር፤ ሐሳቡ ግን ለኢንፍራሬድ ይበልጥ ይመቻል፤ ረጅም ሞገድ የገጽ ሸካራነትን የበለጠ ይታገሣልና። የሚከፈለው ዋጋ መሃሉ ነው። ማዕከሉ ስለሚደፈን ብርሃን ይጎድላል፣ የዕይታ መስኩም ይጠባል። ሰፊ አካባቢ ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ መንገድ አይሆንም።

20 ማይክሮሜትር ላይ የሚገናኙ ሁለት ባንዶች

ከቁስ ጥምረትና ከመስተዋት ቀጥሎ ያለው ሦስተኛው መንገድ የሌንሱን ጉብታ በስስ እርከኖች መተካት ነው። በጀርማኒየም ላይ 3.3 ማይክሮሜትር ጥልቀት ያለው እርከን 10 ማይክሮሜትር የሆነውን ሞገድ በትክክል አንድ ሙሉ ዑደት ያዘገየዋል። እንዲህ ያለው ገጽ ቀለማትን የሚበትነው ከተራ ሌንስ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ያለ ተጨማሪ ሌንስ እርማት ይሆናል። ለአንድ ባንድ ይህ የታወቀና በፋብሪካ የሚመረት ዘዴ ነው። ሁለተኛ ባንድ ሲጨመር ግን ይሰናከላል፤ ያው እርከን በ4 ማይክሮሜትር ሁለት ተኩል ዑደት ይሆንና ብርሃኑ ወደ ሁለት ትኩረቶች ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰውም 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

መፍትሔው እርከኑን ማስጠለቅ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት የአሜሪካ የምርምር ቡድኖች ለየብቻ ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ ነው፦ መዘግየቱ 20 ማይክሮሜትር ይሁን። ይህ ለ10 ማይክሮሜትር ሞገድ ሁለት ሙሉ ዑደት፣ ለ4 ማይክሮሜትር ደግሞ አምስት ሙሉ ዑደት ነው። ሁለቱም ያለ ስብርባሪ ይካፈላሉና በአንድ ትኩረት ላይ ይገናኛሉ። በጀርማኒየም ላይ ያ እርከን 6.7 ማይክሮሜትር ነው፤ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ነገር ግን በ8 ማይክሮሜትር ሒሳቡ እንደገና ሁለት ተኩል ይመጣል፣ ብርሃኑም ይከፈላል። ስለዚህ እርከኑ ብቻውን ሙሉውን መስኮት አይሸፍንም፤ ከተራ ሌንስ ጋር ተጋግዞ፣ በተመረጡ ጠባብ ባንዶች ላይ ሲሠራ ነው የሚያዋጣው።

ሜታሌንስ የሚባሉት የዚህ ቤተሰብ አዲስ አባላት ናቸው። በጠፍጣፋ የሲሊኮን ገጽ ላይ ከሞገዱ ያነሱ ምሰሶዎች ይቆማሉ፤ የምሰሶዎቹ ቅርጽና ውፍረት ብርሃኑ በየቦታው ምን ያህል እንዲዘገይ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2024 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮምፒውተር ምሰሶዎቹን ከሚፈለገው ምስል ወደ ኋላ እየተነሳ እንዲነድፍ አድርገው ከ8 እስከ 12 ማይክሮሜትር ያለውን ሙቀት በአንድ ጠፍጣፋ ሌንስ አሳይተዋል። ምስሉ ጥሩ የተባለ ቢሆንም ከተለመደው የጀርማኒየም ሌንስ ንጽረት አልደረሰም፤ የቀረውን ጉድለት ሶፍትዌር ይሞላል። ሶፍትዌሩም ነጻ አይደለም፤ የደበዘዘን ምስል ሲያጠራ ውስጡ ያለውን ሁከት አብሮ ያጎላል።

ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ምርጫ

ትንሽነት በገበያ የተሳካበት ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፍሊር ኩባንያ ሌፕተን ካሜራ ነው። ካሜራው ሌንሱን ጨምሮ ከአንድ የጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ሌንሱ ከሲሊኮን የተሠራ ሲሆን እንደ ኮምፒውተር ቺፕ በአንድ ገበታ ላይ በርካታው አብሮ ይመረታል። የመጀመሪያው ሞዴል ምስል 80 በ60 ፒክስል ነበር። አነስተኛ ዝርዝር፣ አንድ ባንድ፣ ስስ ሲሊኮን። የሲሊኮን የመዋጥ ችግር የተፈታው ሌንሱ እጅግ ቀጭን በመሆኑ ነው።

በሌላው ጫፍ ላንድሳት 8 አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 የተወነጨፈው ይህ ሳተላይት የተሸከመው የሙቀት መሣሪያ ሦስት የጀርማኒየምና አንድ የዚንክ ሴሌናይድ ሌንስ አለው። የትኩረት ርቀቱ 178 ሚሊሜትር፣ ኤፍ ቁጥሩ 1.64 ነው። በምዕራብ አሜሪካ የመስኖ ውሃን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ሰብል የሚጠጣውን ውሃ ለመለካት አጥብቀው የፈለጉት መሣሪያ ነበር። ሁለት ባንዶቹ በ11 እና በ12 ማይክሮሜትር አካባቢ ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው።

ሳተላይቱ ሥራ ሲጀምር ልኬቱ ከምድር መለኪያዎች ጋር አልገጠመም። በተለይ ሁለተኛው ባንድ ስህተቱ ጎላ ያለ ነበር። መሐንዲሶቹ ሳተላይቱን ወደ ጨረቃ እያዞሩ ሲፈትሹ ምክንያቱ ተገኘ፦ ከዕይታ መስኩ ውጭ የሚመጣ ብርሃን ከሦስተኛው ሌንስ አጠገብ ካለ የብረት ቀለበት እየተንጸባረቀ ሴንሰሩ ላይ ያርፍ ነበር። ስህተቱ በሌንሶቹ ስሌት ውስጥ አልነበረም፤ ሌንሱን የሚይዘው ነገር ላይ ነበር። ላንድሳት 8 በሶፍትዌር እርማት ተደረገለት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ላንድሳት 9 ላይ ደግሞ ባዕድ ብርሃኑን የሚከለክሉ መጋረጃዎች ተጨመሩ። ሌንስና ማቀፊያ ይበልጥ በተቀራረቡበት በትንሽ መሣሪያ ውስጥ ይህ አደጋ ይብሳል። በዳሰሳ ጽሑፎች ውስጥ ስለ ቁስና ስለ ገጽ ብዙ ሲወራ ስለ ቀለበቱ የሚነገረው ጥቂት መሆኑ ሊታረም የሚገባው ነው።

የላንድሳት መሣሪያ በመሬት ላይ የሚለየው ነጥብ 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር፣ ወደ አራት ጥማድ። የብዙው የኢትዮጵያ ገበሬ ይዞታ ከዚያ አይበልጥም፤ ጤፉም ባቄላውም ድንበሩም በአንድ ነጥብ ይጨፈለቃል። ከ705 ኪሎሜትር ከፍታ ያንን ወደ 30 ሜትር ለማውረድ የአሁኑ 11 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ አፍ ወደ 30 ሴንቲሜትር ማደግ አለበት፤ የትኛውም ጠፍጣፋ ሌንስ ይህን አይለውጠውም። በ100 ሜትር ከፍታ የሚበር ድሮን ግን 13 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ባለው ሌንስና በ12 ማይክሮሜትር ፒክስል 9 ሴንቲሜትር ዝርዝር ያያል። የትንሽ ሌንስ እውነተኛ ቦታ ወደሚታየው ነገር መቅረብ የሚቻልበት ቦታ ነው።

እዚያ ላይ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ አለ። የተጠማ ሰብል በረጅሙ መስኮት ሞቆ ይታያል፤ የቅጠሉ ውሃ መጠን ደግሞ በአጭሩ መስኮት፣ በ1.6 ማይክሮሜትር አካባቢ፣ ይነበባል። ጀርማኒየም ከ1.8 በታች ስለሚዘጋ ለሁለቱ አይሆንም። በቅርጽ የሚጫኑት ቻልኮጄናይዶች ሁለቱንም ያሳልፋሉ፤ በአንዱ ገጻቸው ላይ እርከን አብሮ ሊጫንባቸው ይችላል። የሚቀረው ከ1.6 እስከ 12 የሚዘልቅ ሽፋን፣ ሁለቱን ብርሃኖች የሚለይ ሴንሰርና ሁሉንም ድሮን በሚችለው ክብደት፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር በሚከፍለው ዋጋ አጣምሮ ማቅረብ ነው።